የተሰባበረ ንብረትና የፌዴራል ፍርድ ቤት፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በአሜሪካ በሚኖሩ ወገኖቻችን መካከል ሰሞኑን ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ፣ መኪናው የተገጨበት፣ የቤት ዕቃው በጉዞ ላይ የተሰባበረበት ወይም በሩን ፖሊስ የገነጠለበት ሰው ሁሉ በስቴት ፍርድ ቤት ደጅ ሲጠና ከሚውል በቀጥታ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሄዶ እንዲከስ ይመክራል። ጸሐፊው ምክራቸውን በስድስት ነጥቦች ደግፈውታል። የመጀመሪያው፣ ፌዴራል ፍርድ ቤት ከስቴት ፍርድ ቤት በላይ ስለሆነና በንብረት ላይ የሚደርስ ጉዳት ራሱን የቻለ የክስ ዓይነት ሆኖ በመዝገቡ ስለተያዘ ማንኛውንም እንዲህ ያለ ክስ ይቀበላል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ከ75,000 ዶላር በላይ መጠየቅ አለበት የሚለው ደንብ የሞራል ጉዳትን በመደመር በቀላሉ ይታለፋል ይላል። ሦስተኛው፣ ጉዳቱን ያደረሰው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ከሆነ መሥሪያ ቤቱን እንደ ማንኛውም ግለሰብ ወዲያውኑ መክሰስ ይቻላል፤ አራተኛው፣ ፖሊስ ንብረት ባጠፋ ቁጥር ሕገ መንግሥቱ ካሳ ያስገኛል፤ አምስተኛው፣ የዕቃ አጓጓዦችና የአየር መንገዶች ጉዳይ ሁልጊዜ የፌዴራል ነው፤ ስድስተኛው ደግሞ፣ ፍርድ ቤቱ ሥልጣን የለኝም ቢል እንኳ መዝገቡን ወደ ስቴት ፍርድ ቤት ስለሚመራው መሞከሩ ምንም አይጎዳም የሚሉ ናቸው።

ጸሐፊው የተነሡበት ሐሳብ ቅን መሆኑን አልክድም። ሊካስበት የሚገባውን ጉዳት ክርክር ፈርቶ ዋጥ የሚያደርግ ሰው ብዙ ነው፤ እርሱን ማበረታታትም መልካም ነው። ነገር ግን ከስድስቱ ነጥቦች አንዱ በግማሽ፣ ሌላው በከፊል ልክ ሲሆኑ የቀሩት የተሳሳቱ ናቸው፤ በተለይ የመጨረሻውን አምኖ የተነሣ ሰው እውነተኛ መብቱን በይርጋ ሊያጣ ይችላል። ምላሽ ለመስጠት የተገደድኩትም በዚህ ምክንያት ነው።

ከበላይነቱ ልጀምር። በመላ አገሪቱ 94 የሆኑት የፌዴራል ዲስትሪክት ፍርድ ቤቶች የስቴት ፍርድ ቤቶች አለቃ አይደሉም፤ የስቴት ፍርድ ቤት በሰጠው ፍርድ ላይም ይግባኝ አይሰሙም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የማዕረግ ሳይሆን የሥልጣን ነው። የስቴት ፍርድ ቤቶች በሕግ ተለይቶ ካልተነሣባቸው በቀር ማንኛውንም ክርክር ለማየት ጠቅላላ ሥልጣን ሲኖራቸው፣ የፌዴራል ፍርድ ቤት ግን የአገሪቱ ሕገ መንግሥት በሦስተኛው አንቀጽ ከዘረዘራቸው ጉዳዮች ውስጥ ኮንግረስ በሕግ የፈቀደለትን ብቻ ያያል። በመሆኑም ከሳሽ የሥረ ነገር ሥልጣን፣ ማለትም ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያለውን የጉዳይ ዓይነት ለማየት የተሰጠው ሥልጣን፣ መኖሩን እስኪያሳይ ድረስ ፍርድ ቤቱ ሥልጣን እንደሌለው ይቆጠራል። ጸሐፊው የማስረዳት ሸክሙን ገልብጠው ይዘውታል።

እንደ ዋና ማስረጃ የጠቀሱትም በፌዴራል ፍርድ ቤቶች የጉዳዮች ዝርዝር ውስጥ «ሌላ በግል ንብረት ላይ የደረሰ ጉዳት» የሚል፣ መለያ ቁጥሩ 380 የሆነ የክስ ዓይነት መኖሩን ነው። ቁጥሩ በእርግጥ አለ። የሚገኘው ግን ጄ ኤስ 44 በሚባለው፣ ከሳሽ ከክስ ማመልከቻው ጋር አያይዞ በሚያቀርበው የሽፋን ቅጽ ላይ ነው፤ ቅጹም መዝገብ ቤቱ ጉዳዮችን ለይቶ ለመያዝና ለመቁጠር የሚጠቀምበት ሲሆን፣ የክስ ማመልከቻን እንደማይተካና እንደማያሟላ በራሱ ላይ ተጽፏል። የክሱን ዓይነት የሚጠይቀው አራተኛው ክፍል ነው። ጸሐፊው ሳያዩት ያለፉት ሁለተኛው ክፍል ደግሞ የሥልጣኑን መሠረት ይጠይቃል፤ እዚያም አራት ሳጥኖች ብቻ አሉ፦ የአሜሪካ መንግሥት ከሳሽ የሆነበት፣ የአሜሪካ መንግሥት ተከሳሽ የሆነበት፣ ክርክሩ ከፌዴራል ሕግ የመነጨ የሆነበት፣ ወይም ተከራካሪዎቹ የተለያዩ ስቴቶች ዜጎች የሆኑበት። ከአራቱ አንዱን በእውነት ምልክት ማድረግ ያልቻለ ሰው 380ን ቢመርጥ ምንም አይፈይድለትም። በዚህ ቁጥር ሥር የሚመዘገቡትን መዝገቦች ለተመለከተ ሰው ደግሞ ከሳሾቹ ብዙውን ጊዜ በሩ የተገነጠለበት ግለሰብ አይደሉም። ደንበኛቸውን ከካሱ በኋላ በእርሱ ቦታ ተተክተው ጉዳት አድራሹን የሚከሱ የመድን ድርጅቶችና፣ የግል መረጃችን ከድርጅቶች ኮምፒውተር ተዘረፈ የሚሉ ሰዎች የሚያቀርቧቸው የቡድን ክሶች ይገኙበታል። የቡድን ክሶቹ የሚገቡበት በር የተለየ ነው፤ በ2005 የወጣው ሕግ የቡድኑ ጠቅላላ ጥያቄ ከ5 ሚሊዮን ዶላር እንዲበልጥ ይፈልጋል።

ወደ 75,000 ዶላሩ እንለፍ። ጸሐፊው ይህን ደንብ ብቻውን የቆመ አድርገው ስላቀረቡት አንባቢ ዋናውን ቅድመ ሁኔታ አያየውም። ገንዘቡ የሚቆጠረው የተከራካሪዎቹ ዜግነት የተለያየ ሆኖ ሲገኝ ነው፤ ከከሳሾች አንዱና ከተከሳሾች አንዱ የአንድ ስቴት ዜጎች ከሆኑ፣ የገንዘቡ መጠን ምንም ያህል ቢሆን በዚህ በር መግባት አይቻልም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን ከ1806 ጀምሮ ሲያስተምር ኖሯል። የሜሪላንድ ነዋሪ የሆነ አሜሪካዊ የጎረቤቱ ዛፍ መኪናው ላይ ቢወድቅበት፣ መኪናው የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፣ ክሱ የሜሪላንድ ፍርድ ቤት ነው። ኩባንያ ሲሆን የተቋቋመበት ስቴትም፣ ዋና አመራሩ የሚሰጥበት ስቴትም ዜጋ ተደርጎ ይቆጠራል፤ ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር ከሆነ ደግሞ የአባላቱ ሁሉ ዜግነት ይታያል፤ ብዙ አነስተኛ የጭነትና የጥገና ድርጅቶች የሚቋቋሙትም በዚሁ መልክ ነው።

ለእኛ ሰዎች ይበልጥ የሚያስፈልገውን ደግሞ ጽሑፉ ጨርሶ አላነሣውም። ግሪን ካርድ ይዞ በአንድ ስቴት የሚኖር ሰው እዚያው ስቴት የሚኖርን አሜሪካዊ በዜግነት ልዩነት መሠረት በፌዴራል ፍርድ ቤት መክሰስ አይችልም፤ ሕጉ በግልጽ ከልክሎታል። ሁለት የኢትዮጵያ ዜጎች፣ ሁለቱም ግሪን ካርድ ያላቸው፣ አንዱ በሜሪላንድ ሌላው በቨርጂኒያ ቢኖሩም መንገዱ አይከፈትም፤ የውጭ አገር ዜጋ የውጭ አገር ዜጋን የከሰሰበት ጉዳይ ይሆናልና። በዚህ ማኅበረሰብ ለሚነበብ ጽሑፍ ይህ ትንሽ ግድፈት አይደለም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ሕጉ የሚለው ወለድና ወጪ ሳይቆጠር «ከ75,000 ዶላር የበለጠ» ነው፤ ልክ 75,000 የጠየቀ ሰው አላሟላም። ወሰኑ በ1789 ሲጀመር 500 ዶላር ነበር፤ ኮንግረስ እየቆየ ከፍ እያደረገው በ1996 በወጣው ሕግ አሁን ያለበት ደርሷል። ሐሳቡም ጥቃቅን የስቴት ጉዳዮች ከፌዴራል ፍርድ ቤት ውጭ እንዲቆዩ ነው። ጸሐፊው ይህን በሞራል ካሳ መሙላት ይቻላል ሲሉ፣ የሞራል ካሳ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን ማን እንደሚወስን አልተናገሩም። የዜግነት ልዩነት ባለበት ክርክር የፌዴራሉ ዳኛ የሚሠራው በስቴቱ ሕግ ነው፤ ይህም ከ1938 ጀምሮ የጸና ደንብ ነው። በአብዛኞቹ ስቴቶች ሕግ ደግሞ በቸልተኝነት የተበላሸ ዕቃ ካሳው የማስጠገኛው ዋጋ ወይም ዕቃው ከጉዳቱ በፊትና በኋላ በገበያ ያለው ዋጋ ልዩነት ነው፤ አገልግሎት ለተቋረጠበት ጊዜም የኪራይ ወጪ ሊጨመር ይችላል። ባለቤቱ ለዕቃው ያለው ፍቅር፣ የእናት ማስታወሻ መሆኑም ጭምር፣ በተለምዶ ዋጋ አይወጣለትም፤ ዕቃው ስለተሰበረ ብቻ የደረሰ ሐዘንም እንዲሁ።

በቁጥር እንየው። ሙሉ በሙሉ የወደመ መኪና የገበያ ዋጋው 28,000 ዶላር፣ በውስጡ የነበሩ ላፕቶፕና ካሜራ 3,500፣ ለተለዋጭ መኪና ኪራይ 2,500 ቢሆን ድምሩ 34,000 ዶላር ነው። ከ41,000 የሚበልጠውን ጉድለት «የሞራል ጉዳት» የሚል አንድ መስመር ጽፎ መሙላት እንደሚቻል ነው ጸሐፊው የሚነግሩን። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1938 በአንድ የታክሲ ኩባንያ ጉዳይ እንደወሰነው፣ ከሳሽ በቅን ልቡና የጠየቀው መጠን ተቀባይነት አለው፤ በሕግ ሊያገኝ የሚችለው ከወሰኑ በታች መሆኑ በእርግጠኝነት ሲታወቅ ግን ክሱ ይዘጋል። ጸሐፊው የፍርዱን የመጀመሪያ ግማሽ ብቻ ወስደዋል። ተከሳሹ ሆን ብሎ፣ በተንኮል ንብረቱን ያጠፋ እንደሆነና የስቴቱ ሕግ የቅጣት ካሳ የሚፈቅድ ከሆነ ነገሩ ይለወጣል፤ እንዲህ ያለው ጥያቄ ለወሰኑ ሊቆጠር ይችላል፤ ዳኞች ግን በጥርጣሬ ዓይን ይመለከቱታል። በዚያ ላይ ከሳሹ አሸንፎ የተፈረደለት ከ75,000 በታች ከሆነ፣ ፍርድ ቤቱ ወጪውን ሊነፍገው፣ አልፎም የክርክር ወጪ እንዲከፍል ሊያዝበት እንደሚችል ሕጉ ይደነግጋል።

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ የጸሐፊው መድረሻ ትክክል ሆኖ መንገዳቸው ግን ገደል ነው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው አባባል በአሜሪካ ሕግም መልኩን ይዞ ይገኛል፤ መንግሥት ካልፈቀደ በቀር አይከሰስም። ኮንግረስ ለንብረት ጉዳት ጭምር ፈቃዱን የሰጠው በ1946 በወጣው፣ መንግሥት ሠራተኞቹ በሥራቸው ላይ ሳሉ በቸልተኝነት ላደረሱት ጉዳት እንዲጠየቅ በሚፈቅደው ሕግ ነው። ፈቃዱ የተሰጠው ከነግዴታዎቹ ስለሆነ አንዱን የዘለለ ሰው ፈቃዱን ራሱን ያጣዋል።

የቆመ መኪናን የፖስታ ቤት መኪና ገጨው እንበል። ባለመኪናው በመጀመሪያ ማድረግ ያለበት ክስ መጻፍ አይደለም፤ ለመሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ የካሳ ጥያቄ ማቅረብ ነው። ለዚህ የሚያገለግለው ስታንዳርድ ፎርም 95 የሚባል ቅጽ ነው። በ12ኛው ሳጥን ለንብረት ጉዳት የሚጠየቀው ገንዘብ በቁርጥ ቁጥር መጻፍ አለበት፤ «በኋላ የሚገለጽ» ወይም «ከዚህ ያላነሰ» ብሎ መተው መብትን ሊያሳጣ እንደሚችል ቅጹ ያስጠነቅቃል። ዕቃው ሊጠገን የሚችል ከሆነ ከጉዳዩ ጋር ጥቅም ከሌላቸው ባለሙያዎች ቢያንስ ሁለት የተፈረሙና የተዘረዘሩ የዋጋ ግምቶች፣ አስጠግኖ ከፍሎ ከሆነም የከፈለበት ዝርዝር ደረሰኝ ይያያዛል። ጥያቄው ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ መሥሪያ ቤቱ እጅ መግባት አለበት፤ በቀነ ገደቡ ፖስታ ሣጥን ውስጥ መጨመር አይበቃም። መሥሪያ ቤቱ ለመወሰን 6 ወር አለው። እምቢ ብሎ በአደራ ደብዳቤ ካሳወቀ፣ ደብዳቤው ከተላከበት ቀን ጀምሮ ክስ ለመመሥረት ያለው ጊዜ ሌላ 6 ወር ብቻ ነው፤ 6 ወሩ አልፎ መልስ ካልሰጠ ደግሞ ጠያቂው እንደ እምቢታ ቆጥሮ መክሰስ ይችላል።

ጸሐፊው እንዳሉት «ወዲያውኑ» የከሰሰ ሰው ምን እንደሚገጥመው ለማወቅ በ1993 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የወሰነውን ማየት ይበቃል። አንድ እስረኛ ያለ ጠበቃ፣ ለመሥሪያ ቤቱ ሳያመለክት ከሰሰ፤ ቆይቶም አመለከተና ተከለከለ፤ በዚያን ጊዜ በክርክሩ ገና ይህ ነው የሚባል ሥራ አልተሠራም ነበር። ሆኖም ዳኞቹ በአንድ ድምፅ ክሱ ያለ ጊዜው ስለቀረበ መዘጋቱ ተገቢ ነው አሉ፤ ያለ ጠበቃ መከራከሩም አላዳነውም። መሥሪያ ቤቱን በስሙ መክሰስም ሌላ ስሕተት ነው፤ ተከሳሹ «የአሜሪካ መንግሥት» መባል አለበት። ክሱን የሚያየው ዳኛ እንጂ ጁሪ አይደለም፤ የቅጣት ካሳ የለም፤ በቅጹ ላይ ከተጻፈው ገንዘብ በላይ መጠየቅ የሚቻለውም ያኔ ሊታወቅ የማይችል አዲስ ማስረጃ ሲገኝ ነው። የጠበቃ ክፍያም ተወስኗል፤ በመሥሪያ ቤቱ ደረጃ ካለቀ ከተገኘው ገንዘብ 20 በመቶ፣ ክስ ከተመሠረተ በኋላ ከሆነ 25 በመቶ ነው፤ ከዚህ በላይ የሚጠይቅ ጠበቃ ሕግ ይጥሳል። ለጸሐፊው የምሰጣቸው ነጥብ አንድ ነው፤ እንዲህ ያለው ክስ የሚታየው በፌዴራል ፍርድ ቤት ብቻ ሲሆን፣ የ75,000ው ወሰንም የዜግነት ልዩነቱም አያስፈልጉም። የ900 ዶላር የመኪና መከላከያ (ባምፐር) የተሰበረበት ሰውም በዚህ በር መግባት ይችላል።

ጽሑፉ ጨርሶ ያልነካው ነገር ቢኖር ከፈቃዱ ውጭ የቀሩትን ጉዳዮች ነው፤ በግል ንብረት ረገድ ሁለቱ ከባድ ናቸው። አንደኛው የጠፋ፣ የተሳሳተ አድራሻ የሄደ ወይም በአያያዝ ጉድለት የተበላሸ ፖስታ ነው። የፖስታ ቤቱ መኪና መኪናዎን ቢገጭ ይከሳሉ፤ በዚያው መኪና ውስጥ የነበረው ጥቅልዎ ቢሰበር ግን በዚህ ሕግ መክሰስ አይችሉም፤ የሚቀርዎት የገዙት ኢንሹራንስ ነው። ሁለተኛው በጉምሩክና በሌሎች ሕግ አስከባሪዎች እጅ ተይዞ የቆየ ንብረት ነው። በ1984 በታየ ጉዳይ አንድ ሰው ጉምሩክ ይዞ ያቆየበት የሴራሚክና የጥበብ ሥራዎች ስብስብ ተጎድቶ ተመለሰለት፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ማገቱ ብቻ ሳይሆን በእገታው ጊዜ በቸልተኝነት የደረሰው ጉዳትም ከፈቃዱ ውጭ ነው አለ። በ2008 ደግሞ ከአትላንታ ወደ ኬንታኪ በተዛወረ እስረኛ ጉዳይ፣ ቁርኣኑና የስግደት ምንጣፉ ከሻንጣዎቹ ጠፍተው ሳለ፣ አግላዩ ድንጋጌ ጉምሩክን ብቻ ሳይሆን ማንኛውንም የፌዴራል ሕግ አስከባሪ እንደሚሸፍን በ5 ለ4 ድምፅ ተወስኗል። በእኔ አመለካከት አራቱ ዳኞች የተሻለ አንብበዋል፤ ሕጉ ግን አምስቱ ያሉት ነው።

ስለ ፖሊስ የተባለውን በተመለከተ፣ በ1871 የወጣው የዜጎች መብት ሕግ የስቴትና የከተማ ባለሥልጣናት ሕገ መንግሥታዊ መብትን ሲጥሱ በፌዴራል ፍርድ ቤት መክሰስ እንደሚፈቅድ ትክክል ነው። ጥያቄው ንብረት መጥፋቱ ብቻውን የሕገ መንግሥት ጥሰት ይሆናል ወይ ነው፤ መልሱም አይሆንም ነው። በ1981 የተወሰነው ታዋቂ ጉዳይ የተነሣው አንድ የኔብራስካ እስረኛ በፖስታ ካዘዘውና በእስር ቤቱ ከጠፋበት 23.50 ዶላር ከሚያወጣ የእጅ ሥራ ዕቃ ነው። ፍርድ ቤቱ ስቴቱ ራሱ በቂ የካሳ መንገድ እስካዘጋጀ ድረስ እንዲህ ያለው ድንገተኛ ጥፋት የሕገ መንግሥት ክስ አይሆንም አለ። በ1984 ይኸው ሐሳብ ሆን ተብሎ ለጠፋ ንብረትም ተዘረጋ፤ በ1986 ደግሞ ቸልተኝነት ብቻውን ሕገ መንግሥቱ የሚከለክለው ንብረትን «መንፈግ» እንደማይባል ተወሰነ። ስለዚህ ፖሊስ በሩን ያለ አግባብ ሰበረ የሚል ሰው ትኩረቱን ማዞር ያለበት ያለ ምክንያት መፈተሽንና መያዝን ወደሚከለክለው የሕገ መንግሥቱ አራተኛ ማሻሻያ ነው። እዚህ ላይ ጥሩ ምሳሌ አለ፤ በ1992 በተወሰነ የኢሊኖይ ጉዳይ፣ የሸሪፍ ምክትሎች ቆመው እያዩ የአንድ ቤተሰብ ተጎታች ቤት ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ከመሠረቱ ተነቅሎ ተጎትቶ ተወሰደ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ይህ የንብረት መያዝ ነው ብሏል። ያም ቢሆን ድርጊቱ ምክንያታዊ አለመሆኑን ከሳሽ ማስረዳት አለበት፤ ከተማውም ፖሊሱ ተቀጣሪው በመሆኑ ብቻ አይጠየቅም፤ ጥሰቱ ከከተማው አሠራር ወይም ፖሊሲ መምጣቱን ማሳየት ከ1978 ጀምሮ ግዴታ ነው።

ፖሊስ ወንጀለኛ ሲያሳድድ ጥፋት የሌለበትን ሰው ንብረት ቢያወድም መንግሥት እንደ ወሰደው ተቆጥሮ ይክፈል የሚለው ክርክርም አለ። ጸሐፊው እንደተቋጨ ነገር ያቀረቡት ይህን ነው። አልተቋጨም። የይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤቶች ባለቤቶቹን ያሰናበቱባቸው ውሳኔዎች አሉ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2024 የቀረበለትን እንዲህ ያለ ጉዳይ ሳይቀበል ቀርቷል። የፌዴራል ፖሊሶች የተሳሳተ ቤት ሰብረው ከገቡ ደግሞ መንገዱ ከላይ የተናገርኩት የ1946ቱ ሕግ ነው፤ በአትላንታ ኤፍ ቢ አይ በስሕተት የገባበት ቤተሰብ ጉዳይ በ2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደርሶ ለተጨማሪ ክርክር የተመለሰውም በዚሁ ሕግ ላይ ነው።

አጓጓዦችን የሚመለከተው አምስተኛው ነጥብ ግማሽ እውነት ያለው ነው። ከአንድ ስቴት ወደ ሌላ የሚጓዝ የቤት ዕቃ ጉዳት የሚዳኘው ከ1906 ጀምሮ ባለው የፌዴራል ሕግ ሲሆን፣ በስቴት ሕግ የሚቀርብ የቸልተኝነት ክስ ይዘጋበታል። ይሁንና በአንድ የጭነት ሰነድ ላይ የሚጠየቀው ከ10,000 ዶላር ካልበለጠ ጉዳዩ የስቴት ፍርድ ቤት ነው፤ በዚያው በአንዱ ስቴት ውስጥ የተደረገ ጉዞም በዚህ ሕግ አይሸፈንም። ከፍርድ ቤቱ ምርጫ ይልቅ ወሳኙ ጭነት ሲነሣ የሚፈረመው ወረቀት ነው። ሙሉ ዋጋ የሚሸፍነውን ዋስትና ትቶ ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚሰጠውን የተቀበለ ሰው ለእያንዳንዱ ዕቃ የሚከፈለው በፓውንድ 60 ሳንቲም ነው፤ 50 ፓውንድ የሚመዝን ቴሌቪዥን ቢሰበር 30 ዶላር ማለት ነው፤ የፌዴራል ዳኛም ይህን ቁጥር አይለውጠውም። ለአጓጓዡ በጽሑፍ ለማመልከት ቢያንስ 9 ወር፣ በጽሑፍ ከተከለከለ በኋላም ለመክሰስ ቢያንስ 2 ዓመት ይሰጣል። ከአገር ወደ አገር በሚደረግ በረራ ላይ ደግሞ የ1999ኙ የሞንትሪያል ስምምነት ይሠራል፤ የሻንጣ ጉዳት በ7 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካልተገለጸ መብቱ ይቀራል፣ የካሳው ጣሪያም በዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት መለኪያ 1,519፣ ወደ 2,000 ዶላር ግድም ነው። ለዚህ ገንዘብ በ405 ዶላር የመዝገብ ክፍያ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት መሄድ የሚያዋጣ አይደለም። በዋሽንግተን ዲሲ እስከ 10,000፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ እስከ 5,000 ዶላር የሚያየው የአነስተኛ ክሶች ችሎት የሚጠቅመው እንዲህ ላለው ጉዳይ ነው።

የመጨረሻው ነጥብ «ቢሳሳቱ ይመሩታል» የሚለው ነው። አይመሩትም። የፌዴራል ፍርድ ቤት በቀጥታ ለእርሱ የቀረበለትን ክስ ወደ ስቴት ፍርድ ቤት የሚያስተላልፍበት ሕግ የለውም፤ ሥልጣን ከሌለው ማስተላለፍ የሚችለው ወደ ሌላ የፌዴራል ፍርድ ቤት ነው፤ ያለዚያ መዝገቡን ይዘጋል። ከሳሽ እንደገና ከፍሎ፣ እንደገና መጥሪያ አድርሶ በስቴት ፍርድ ቤት ይጀምራል። ችግሩ ጊዜው ነው። በንብረት ላይ ለደረሰ ጉዳት የሚከሰስበት ጊዜ በሜሪላንድና በዲሲ 3 ዓመት፣ በቨርጂኒያ 5 ዓመት ነው፤ በተዘጋው ክስ የባከነውን ጊዜ የሚያድን ድንጋጌ መኖር አለመኖሩ እንደ ስቴቱና እንደ አዘጋጉ ይለያያል። ክርክሩ ቶሎ የሚዘጋ ቢሆን ጉዳቱ ባነሰ ነበር፤ ነገር ግን የሥረ ነገር ሥልጣን ጥያቄ በማንኛውም ደረጃ፣ በይግባኝም ላይ ሊነሣ ይችላል፤ ተከራካሪዎቹ ተስማምተው ሥልጣን ሊሰጡት አይችሉም። በ1804 የተወሰነው የሰሜን ካሮላይና ጉዳይ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፤ በፌዴራል ፍርድ ቤት ከስሶ የተሸነፈ ከሳሽ፣ ይህ ፍርድ ቤት ቀድሞውንም ሥልጣን አልነበረውም ብሎ ራሱ ይግባኝ አለ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ፍርዱን ሻረለት። ለዚያ ከሳሽ ተሳክቶለታል። ዛሬ ግን ከ2 ዓመት ክርክር በኋላ አሸንፎ ያንኑ መቃወሚያ ከተከሳሹ የሚሰማውን ሰው አስቡት።

ጽሑፉ ያልጠቀሰው ተገላቢጦሽም አለ። በስቴት ፍርድ ቤት የተከሰሰ ወገን ጉዳዩ የፌዴራል ሥልጣን ያለበት ከሆነ መጥሪያና ክስ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሊያዛውረው ይችላል፤ ትልልቅ የመድንና የትራንስፖርት ኩባንያዎች ይህን አዘውትረው ያደርጉታል። መሠረቱ የዜግነት ልዩነት ከሆነ ግን ከተከሳሾቹ አንዱ ክሱ የቀረበበት ስቴት ዜጋ ሆኖ መጥሪያ ከደረሰው ማዛወር አይፈቀድም። በዚህ ወይም በሌላ የሥነ ሥርዓት ጉድለት የሚቃወም ከሳሽ የማዛወሪያው ማስታወቂያ ከገባበት ቀን ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ መዝገቡ ይመለስልኝ ብሎ ማመልከት አለበት፤ ካለፈው ክርክሩ እዚያው ይቀጥላል። ጉድለቱ የሥረ ነገር ሥልጣን ከሆነ ቀነ ገደብ የለም፤ የመጨረሻ ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት በማናቸውም ጊዜ ሲታወቅ ፍርድ ቤቱ መዝገቡን ወደ መጣበት የስቴት ፍርድ ቤት መመለስ ግዴታው ነው፤ ጸሐፊው «ይመሩታል» ያሉትም ይህን ሳይሆን አይቀርም።